የሚታቀፍና የሚጫን



በዚህ እትም ስለ ሻንጣ ልንጽፍ ነው ስንል ከአንባቢዎቻችን መካከል የሚስቁብን እንደሚኖሩ እናውቃለን። «አገሪቱ ስንት የሚወራ ጉዳይ እያላት የማኅበሩን ወረቀትና ቀለም ስለ ሻንጣ ማጥፋት ምን ይባላል?» የሚለን ሰው አይጠፋም። እኛም ጉዳዩን ስናነሣ መጀመሪያ ላይ ይህንኑ ብለን ነበር። ይሁንና ባለፈው ዓመት ከጓደኞቻችን መካከል ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሄዱት በላኩልን ደብዳቤ የነገሩንን ስንሰማ፣ ይህ ነገር የሚሳቅበት ሳይሆን ቁጭ ብለው ሊመክሩበት የሚገባ ሆኖ አገኘነው። ብዙ ዓመት ለፍቶ የነጻ ትምህርት ዕድል ያገኘ ሰው፣ ዕድሉን በአንድ ሻንጣ ምክንያት ለአደጋ ሲያጋልጠው ማየት አያሳዝንም ወይ?

ነገሩን ከአገራችን እንጀምር። እጃጂን የማያውቃት አንባቢ ቢኖር፣ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ አምቦን፣ ጉደርንና ጌዶን አልፎ ባኮ ሳይደርስ የሚያገኛት የምዕራብ ሸዋ ከተማ ናት። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የተጓዘ ሁሉ የሚያስታውሰው አንድ ነገር አለ። ረዳቱ ከአውቶቡሱ ጣራ ላይ ወጥቶ፣ ገመዱን በእግሩ ረግጦ ይዞ፣ ከታች ዕቃውን ከቦ ለቆመው መንገደኛ ሁሉ «የሚታቀፍ ነው የሚጫን?» እያለ ይጠይቃል። ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱም አጭር መሆን አለበት፤ ሹፌሩ ሞተሩን አስነሥቷልና።

እናቶቻችን ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲሰጡ ሲያመነቱ አይተን አናውቅም። በቆሎው በኩንታል ይጫናል። በርበሬው በማዳበሪያ ተቋጥሮ ይጫናል። አልጋ ልብሱና ብርድ ልብሱ ተጠቅልሎ በሲባጎ ታስሮ ይጫናል። አገልግሉ ግን ይታቀፋል፤ ቅቤው በቅል ወይም በጣሳ ሆኖ በእግርና በእግር መካከል ይቀመጣል፤ ገንዘቡ በነጠላ ጫፍ ይቋጠራል፤ የልጁ የትምህርት ቤት ወረቀት ደግሞ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከደረት ኪስ ይገባል። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው «ዝናብ ቢመጣስ? ገመዱ ቢላላስ? ጌዶ ላይ የሌላ ሰው ዕቃ ሲወርድ አብሮ ቢወርድስ?» ይሉናል። እንግዲህ በአጭሩ፣ ከጠፋ የሚተካውን ይጭናሉ፤ የማይተካውን ያቅፋሉ። በዚህ መንገድ ሲኖሩ ኖረዋል፤ ብዙም አልተሳሳቱም።

ችግሩ የመጣው ይህ ጥበብ ከእጃጂ መናኸሪያ ወጥቶ ቦሌ አይሮፕላን ጣቢያ ሲደርስ ነው። ጥያቄው እዚያም ያው ነው። «ከእጅዎ ጋር የሚገባው የቱ ነው? ወደ ጭነት የሚሄደውስ የቱ ነው?» ይባላል። መልሱ ግን ከፊሉ ተገልብጧል። መገልበጡን ያላወቀ ተማሪ እናቱ እንዳስተማረችው አድርጎ፣ እናቱ የማትፈልገው ነገር ይደርስበታል።

ከመካከላችን አንዱ የደረሰበትን እንንገራችሁ። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ልጁ የእጃጂ ልጅ ነው፤ ብዙዎቻችሁም ታውቁታላችሁ። ወደ አውሮፓ ለሁለተኛ ዲግሪ ሲሄድ ሁለት ሻንጣ ነበረው። በትልቁ ሻንጣ ልብሱን፣ ጫማውን፣ መጻሕፍቱን፣ እንዲሁም «እንዳይታጠፍብኝ» ብሎ ከመጻሕፍቱ መካከል ያስገባውን ዋናውን ዲግሪና የውጤት ማስረጃ አደረገ። በእጅ በሚያዘው ትንሹ ሻንጣ ደግሞ እናቱ ከጌዶ ገብስ አስመጥታ ያዘጋጀችለትን ጭኮ፣ አንድ ጣሳ የተነጠረ ቅቤና አንድ ብልቃጥ ማር ያዘ። እናቱ «ይህን ከእጅህ እንዳትለየው» ብላዋለችና ቃሏን አከበረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልትገምቱት ትችላላችሁ። በመንገዱ ላይ አይሮፕላን በለወጠበት አገር ፈታሹ የእጅ ሻንጣውን ከፍቶ ቅቤውንና ማሩን አውጥቶ አስቀረ። ጭኮውንም ቅቤ የበዛበት ነው ብሎ ለይቶ አስቀረው። ልጁ «እናቴ ናት የሠራችው» ብሎ ለማስረዳት ሞከረ። ፈታሹም ሰው ነውና አዘነለት፤ ደንቡ ግን አዘነ አላዘነ አይለወጥም። ትልቁ ሻንጣ ደግሞ ከአንዱ አይሮፕላን ወደ ሌላው ሲተላለፍ ቀርቶ በአምስተኛው ቀን ደረሰ። በዩኒቨርሲቲው የመመዝገቢያው የመጨረሻ ቀን ግን ሦስተኛው ቀን ነበር። ጓደኛችን ዋናውን ማስረጃ አምጣ ሲባል የሻንጣውን ደረሰኝ ብቻ ይዞ ቆመ። በልመና፣ በደብዳቤና በአንድ ደግ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ርዳታ ተመዘገበ እንጂ፣ ተመልሶ ወደ ቤቱ ሊላክ ይችል ነበር። እንግዲህ ማቀፍ የነበረበትን ጫነ፤ መጫን የነበረበትን አቀፈ። ሁለቱንም በአንድ ቀን አጣ።

ይህን የምንነግራችሁ ልጁን ለመንቀፍ አይደለም። እኛም በእሱ ቦታ ብንሆን ያንኑ እናደርግ ነበር። ነገር ግን ደንቡ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ካላወቅን ሁልጊዜ የሚያስቀየመን ፈታሽ ብቻ ነው የምናየው። ስለዚህ ምክንያቱን አንድ በአንድ እንመልከት።

በመጀመሪያ የአገራችን አይሮፕላን ታሪክ ራሱ ከአውቶቡሱ ብዙ የራቀ አልነበረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ፣ ይዟቸው የነበሩት አይሮፕላኖች ከጦርነቱ የተረፉ የዳግላስ ሲ-47 ማመላለሻዎች ነበሩ። በእነዚያ ዘመኖች ተሳፋሪው በግራና በቀኝ በተዘረጋው አግዳሚ ተቀምጦ፣ ጭነቱ ከመካከል ታስሮ ይሄድ ነበር። ማለትም የሚታቀፈውና የሚጫነው ዓይን ለዓይን ይተያዩ ነበር። በዛሬው አይሮፕላን ግን የሚጫነው ከእግራችን በታች ተዘግቶበት ይሄዳል፤ በመንገድ ላይ ማንም ሊደርስበት አይችልም። ልዩነቱ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሁለተኛው ስለ ፈሳሽ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 በሎንዶን ፈሳሽ ፈንጂ በመጠጥ ጠርሙስ አስመስለው ወደ አይሮፕላን ለማስገባት ያሰቡ ሰዎች ተያዙ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር በእጅ የሚያዝ ፈሳሽ በአንድ ዕቃ ከ100 ሚሊሊትር እንዳይበልጥ ተደነገገ። አንዳንድ የአይሮፕላን ጣቢያዎች አዲስ የመመርመሪያ መሣሪያ በመትከላቸው ደንቡን ማላላት ቢጀምሩም፣ በመንገዳችን ላይ ያሉት ሁሉ አላላሉም፤ ከሁሉ ጥብቅ የሆነው ጣቢያ ነው የሚወስነው። ደግሞም «ፈሳሽ» የሚባለው ውሃ ብቻ አይደለም። የሚቀባ፣ የሚላቆጥ፣ የሚዝለገለግ ነገር ሁሉ ከዚሁ ይቆጠራል። ስለዚህ ቅቤ ፈሳሽ ነው። ማር ፈሳሽ ነው። እናቶቻችን በአውቶቡስ «ይፈስሳል» ብለው የሚያቅፉትን፣ ፈታሹ «ይፈስሳል» ብሎ ከእቅፋችን ያወጣዋል። አንድ ቃል ነው፤ ትርጉሙ ግን ተገላቢጦሽ ነው።

ሦስተኛው ስለ ዱቄት ነው። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 30 ቀን 2018 ጀምሮ ከውጭ አገር ወደ አሜሪካ በሚበር አይሮፕላን ላይ በእጅ የተያዘ ከ350 ሚሊሊትር በላይ የሆነ ዱቄት ተለይቶ ይመረመራል፤ ምንነቱ ካልተረጋገጠም አይገባም። እንግዲህ የባኮ በርበሬና ሽሮ በእጅ ሻንጣ ይዞ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ተማሪ፣ ሰልፉ ላይ ሆኖ በርበሬ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ሲያስረዳ አይሮፕላኑ ሊያመልጠው ይችላል። በርበሬና ሽሮ መጫን አለበት። ደግነቱ በርበሬ ቢዘገይም አይበላሽም።

አራተኛው ከጭነቱም አይሮፕላኑም ውጭ የሆነ፣ የደረስንበት አገር ሕግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከሌላ አገር የመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ እንዲገባ አይፈቅዱም። ይህም የእንስሳ በሽታ እንዳይዛመት ነው። እንግዲህ ቅቤው በእጅ ቢያዝም ቢጫንም መጨረሻው አንድ ነው፤ ጉምሩክ ካገኘው ይወስደዋል። ማር ግን እስከ 2 ኪሎ ድረስ ለግል ፍጆታ ይፈቀዳል፤ ስለዚህ ማሩን በደንብ ከድኖ፣ በሁለት ፕላስቲክ ከትቶ፣ በልብስ መካከል አስገብቶ መጫን ይቻላል። ይህን ቀድሞ ለእናቱ የሚነግር ልጅ ልቧን አይሰብርም፤ ይልቁንም የደከመችበት ነገር ሌላ ሰው ቅርጫት ውስጥ እንዳይጣል ያደርጋል። ቅቤውን ለታናናሾቹ ታስቀምጥ፤ ለእሱ የተቆላ ቡና፣ በርበሬና ቆሎ ታዘጋጅለት። ፍቅር በሽሮም ይላካል።

አምስተኛው በጣም የሚያስፈራው ነው። የስልክና የኮምፒዩተር ባትሪ፣ በተለይም «ፓወር ባንክ» የምንለው፣ ከሊቲየም የተሠራ ነው። ይህ ባትሪ ሲጎዳ ወይም ሲያጥር በራሱ ሊግልና ሊነድ ይችላል፤ እሳቱም በቀላሉ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 2010 ከዱባይ የተነሣ የዩ.ፒ.ኤስ. ኩባንያ የጭነት አይሮፕላን፣ ሊቲየም ባትሪ በነበረበት ጭነት ውስጥ በተነሣ እሳት ምክንያት ወድቆ ሁለቱ አብራሪዎች ሞተዋል። ስለዚህ ዛሬ በዓለም አቀፍ ደንብ ፓወር ባንክ መጫን የተከለከለ ነው፤ ሊያዝ የሚችለው በእጅ ብቻ ነው። ምክንያቱም በእጅ ያለው ቢጤስ ሰው ያየዋል፤ አስተናጋጆቹም ደርሰው ያጠፉታል። ከእግራችን በታች ያለው ቢጤስ ግን ማን ያየዋል? ደግሞ ልኩ እስከ 100 ዋት-ሰዓት ነው። ብዙዎቻችን የምንይዘው 20,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት የሚል የተጻፈበት 74 ዋት-ሰዓት ያህል ስለሆነ ይፈቀዳል። ምንም ያልተጻፈበትን ርካሽ ዕቃ ግን ይዞ አለመሄድ ይሻላል።

እስካሁን የተናገርነው ምን መጫን እንዳለበትና ምን መጫን እንደሌለበት ነው። አሁን ደግሞ «ሻንጣ ከተጫነ ይጠፋል» ስለሚባለው ነገር እንነጋገር፤ ምክንያቱም በካምፓሳችን «ብልህ መንገደኛ ምንም አይጭንም፤ ሁሉን በእጁ ይዞ ይገባል» የሚል አሳብ እየበዛ መጥቷል። የሚያስፋፉት አብዛኛውን ጊዜ አጭር መንገድ የሄዱ ወይም ስለ ሌሎች ጉዞ ያነበቡ ጓደኞቻችን ናቸው።

አሳቡ ፈጽሞ ሐሰት ነው አንልም። ሲታ የተባለው የአየር ማመላለሻ የመገናኛ ድርጅት በየዓመቱ በሚያወጣው ሪፖርት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ላይ ከ1,000 መንገደኞች የ6.3 ያህሉ ሻንጣ ዘግይቷል፣ ተጎድቷል ወይም ጠፍቷል። በ2007 ግን ይህ ቁጥር ወደ 19 የሚጠጋ ነበር። ስለዚህ ነገሩ እየተሻሻለ ነው። ከነዚህም አብዛኛዎቹ ዘግይተው ተገኙ እንጂ ጠፍተው አልቀሩም። የዘገዩበትም ትልቁ ምክንያት ከአንዱ አይሮፕላን ወደ ሌላው ሲተላለፉ ነው። እንግዲህ ስሌቱን እንሥራው። ከ1,000 ሰው 993ቱ ሻንጣውን በሰዓቱ ያገኛል። ይህ ለልብስና ለሽሮ በቂ ዋስትና ነው። ለዲግሪ ግን በቂ አይደለም፤ ምክንያቱም ከሰባቱ አንዱ የሆንህ ዕለት ልብስ ትገዛለህ እንጂ ዲግሪ አትገዛም። አንድ ዓይነት ዕድል ለአንዱ ዕቃ ትንሽ፣ ለሌላው ዕቃ ትልቅ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ደግሞስ «ሁሉን በእጅ» የሚለው ምክር ለማን የተነገረ ነው? ለሁለት ቀን ስብሰባ ሄዶ ለሚመለስ ሰው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለኢኮኖሚ ክፍል ተሳፋሪ በእጅ የሚፈቅደው 7 ኪሎ ነው። በብዙዎቹ ዓለም አቀፍ መስመሮች ደግሞ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች እንዲጫኑ ይፈቅዳል። ቲኬቱ እንደ መስመሩና እንደ ዋጋው ስለሚለያይ በላዩ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። ኮምፒዩተሩን፣ የክረምት ካፖርቱንና ሁለት መጽሐፍ የያዘ ሰው 7ቱን ኪሎ ጨርሶታል። ሁለት ዓመትና አራት ዓመት ለሚቆይ፣ ከአገር ልብስ ይዞ ለመሄድ ለተገደደ፣ በሄደበት ለመግዛት ገንዘብ ለሌለው ተማሪ፣ «ምንም አትጫን» ማለት «ምንም አትያዝ» ማለት ነው። ይህ ደግሞ የሀብታም ምክር ለድኻ መንገር ነው። 46 ኪሎ የተከፈለበት መብት ትቶ መሄድ ብልኅነት አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ከላያችን ያለው ሣጥን የሁላችንም ነው። አንዱ ሦስት ከረጢት ይዞ ሲገባ፣ ሕፃን ይዛ ከኋላ የምትመጣው እናት የምታስቀምጥበት ታጣለች። በአውቶቡስ ውስጥ ኩንታል ይዞ መተላለፊያውን የሚዘጋውን ሰው ሁላችንም ስንቆጣው፣ በአይሮፕላን ውስጥ ግን ያንኑ ማድረግ እንደ ሥልጣኔ መቁጠር አይገባንም።

የተጫነው ሻንጣ ደግሞ ያለ ባለቤት አይሄድም፤ ሕግ አለው። የሞንትሪያል ስምምነት በሚባለው እ.ኤ.አ. በ1999 በተፈረመው ዓለም አቀፍ ውል መሠረት፣ ለተመዘገበ ጭነት መጥፋትና መጎዳት አየር መንገዱ ተጠያቂ ነው። በእጅ ለተያዘው ግን ተጠያቂ የሚሆነው ጥፋቱ የእሱ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ተማሪው ሊያውቃቸው የሚገቡ ቁጥሮች ሦስት ናቸው። ሻንጣው ተጎድቶ ከመጣ በ7 ቀን ውስጥ፣ ዘግይቶ ከመጣ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ያስፈልጋል። በ21 ቀን ውስጥ ካልመጣ ደግሞ እንደ ጠፋ ይቆጠራል። የካሣው ወሰን እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 28 ቀን 2024 ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ 1,519 የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ሲሆን፣ ይህም ሁለት ሺህ የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነው። ስለዚህ ከሻንጣው ጋር የሚሰጠውን ትንሽ ቁራጭ ወረቀት አትጣሉ። አውቶቡስ ላይ ረዳቱን በመልኩ እናውቀዋለን፤ አይሮፕላን ላይ ግን የሚያውቀን ያ ወረቀት ብቻ ነው። ሻንጣው ሳይመጣ ከቀረም አዳራሹን ለቆ ከመውጣት በፊት እዚያው ማስመዝገብ ይገባል። «ነገ እመለሳለሁ» ማለት ክሱን ማዳከም ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ሻንጣ ከተናገርነው ሁሉ የሚከብደውን እንናገር፤ ስለ አደራ ዕቃ። አንድ የመንደራችን ልጅ ወደ ውጭ ሲሄድ ዜናው ከእጃጂ እስከ አምቦ ይሰማል። በመጨረሻው ሳምንት ጎረቤቱ፣ የአክስቱ ባል ወዳጅ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛው እኅት፣ እያንዳንዳቸው አንዳንድ የተሰፋ ጥቅል ይዘው ይመጣሉ። «ትንሽ ናት፤ ለልጄ አድርስልኝ» ይላሉ። እንቢ ማለት በባህላችን ነውር ነው። እኛም ነውር ነው ብለን እናምናለን። ይሁንና የተሰፋውን ሳይፈቱ መቀበል ከነውር የከፋ ነው። በአይሮፕላን ጣቢያ «ሻንጣህን ራስህ ነህ የሸከፍከው? የሌላ ሰው ዕቃ አለበት?» ብለው ሲጠይቁ፣ የሚጠይቁት ለይስሙላ አይደለም። በሻንጣህ ውስጥ የተገኘ የተከለከለ ዕፅ ያንተ ነው፤ «የሰው አደራ ነው» ማለት ከእስራት አያድንም። አደራ የሰጠው ሰው ራሱ ላያውቀው ይችላል፤ ለእሱም ሌላ ሰው ሰጥቶት ይሆናል። ስለዚህ ደንቡ አንድ ይሁን፤ በፊታችን ያልተፈታ፣ በእጃችን ያልታሸገ ነገር አንይዝም። የሚሰጠን ሰው ቅር ቢለው «የማኅበራችን ውሳኔ ነው» እንበለው። አንድ ሰው ብቻውን እንቢ ሲል ክፉ ይባላል፤ ሁላችን አንድ ላይ እንቢ ስንል ግን ደንብ ይሆናል። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣንበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው።

እንግዲህ የእናቶቻችንን ጥያቄ ሳንተው፣ መልሱን እንደ ዘመኑ እናስተካክለው። አንድን ዕቃ ይዘን ስንቆም ራሳችንን ሦስት ነገር እንጠይቅ።

አንደኛ፤ ይህ ዕቃ ለአምስት ቀን ባይኖረኝ ማንነቴን ለማስረዳት ወይም በጤና ለመኖር ያስቸግረኛል ወይ? ካስቸገረ ይታቀፍ። ፓስፖርት፣ የመግቢያ ደብዳቤ፣ ዋናው የትምህርት ማስረጃ፣ ገንዘብ፣ መነጽር፣ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ከነማዘዣው፣ እንዲሁም አንድ ቅያሪ ልብስ ከዚህ ይቆጠራሉ።

ሁለተኛ፤ ፈታሹ ሊያስቀረው ይችላል ወይ? ካስቀረው ይጫን፤ በደረስንበት አገርም የተከለከለ ከሆነ ከቤት ይቅር። ማር፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሽቶ፣ ምላጭና ቢላዋ ከዚህ ይቆጠራሉ።

ሦስተኛ፤ ሊነድ ይችላል ወይ? ሊነድ የሚችል ባትሪ ከዓይናችን አይራቅ።

ከነዚህ ሦስቱ ውጭ የሆነው ሁሉ ይጫን፤ ልባችንም ይረፍ።

ማኅበራችን ደግሞ በዚህ ነገር ጥቂት ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። አንድ የሚንጠለጠል ሚዛን ገዝቶ በጽሕፈት ቤቱ ቢያስቀምጥ፣ የሚሄዱ ተማሪዎች በአይሮፕላን ጣቢያ ሻንጣቸውን በሰው ፊት ፈትተው ከመቀናነስ ይድናሉ። የእያንዳንዱን ተጓዥ ማስረጃ ቅጂ በማኅበሩ ዘንድ በአደራ ቢያስቀምጥ፣ ችግር ሲደርስ የሚላክ ነገር ይኖራል። የሄዱት ጓደኞቻችን በየመንገዱ ያጋጠማቸውን እየጻፉ ቢልኩልን፣ በየዓመቱ ከመጓዣው ወቅት በፊት በዚህ መጽሔት እናወጣዋለን። ከሁሉም በላይ፣ ከአምቦ፣ ከጉደር፣ ከጌዶና ከእጃጂ የመጣን ተማሪዎች ለዕረፍት ስንመለስ ለእናቶቻችን በሚገባቸው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ ቁጭ ብለን እናስረዳ። እነሱ ከእኛ በፊት የሚታቀፈውን ከሚጫነው መለየት የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ምክንያቱ ከተነገራቸው ከእኛ ይልቅ ፈጥነው ይገባቸዋል።

ያ በአውሮፓ የሚማረው ጓደኛችን በቅርቡ በላከልን ደብዳቤ ለእናቱ ስለ ቅቤው እስካሁን እውነቱን አልነገራትም። «ጥሩ ነበር፤ አለቀ» ብሏታል። እሷም ደስ ብሏት፣ ከዚህ በኋላ ወደዚያው ለሚሄደው ሌላ ልጅ ለመላክ ሌላ ጣሳ ቅቤ እያነጠረች ነው። ይህ መጽሔት እጅዎ የገባ፣ ለክረምት እጃጂ የሚሄዱ ወንድም ወይም እኅት ካሉ፣ እባክዎ ጎራ ብለው እውነቱን በዘዴ ይንገሯት። ቅቤውን ለቤት ታድርገው፤ ለልጁም አንድ ኪሎ በርበሬ ታዘጋጅለት። እሱ ይጫናል። ይደርሳልም።